አክስቴ የሰፋችው ቤት

ጭድ የተቀላቀለበት ጭቃ በቆርቆሮ ቤት ውስጥ ፀሐይ ሲያገኘው የሚያወጣው ሽታ አለ። የማያውቀው ሰው የአውድማ አቧራ ይመስለዋል፤ እኔ ግን ዓይኔን ጨፍኜም እለየዋለሁ። ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ አርብ ገበያ ከተማ ሄጄ፣ ከአክስቴ ግቢ ጥግ የቆመችውን ተሳቢ በሯን ስከፍት ያ ሽታ ተቀበለኝ። ጭቃው ከተጣለ ስንት ዘመኑ፤ በወለሉ ስንጥቅ ውስጥ የገባው ግን ዛሬም እዚያው አለ። ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ብቻዬን ሳቅሁ። ሠርጉ ቤት የደረስኩት ሰው በልቶ ካበቃ በኋላ ነው፤ የት ጠፍተሽ ነው ላሉኝ ሁሉ መልሴ ይኸው።

ተሳቢዋ ወደ መንደራችን የመጣችው አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት ተቀምጬ ሳለሁ፣ መንገዱ ተሠርቶ ባለቀበት ዓመት ነው። መንገድ ሠራተኞቹ ድንኳናቸውን ነቅለው ሲሄዱ አለቃቸው ያድርባት የነበረችውን ባለ ሁለት ጎማ ትንሽ ቤት ለአክስቴ ለእትዬ ጥሩ ትተውላት ሄዱ። እትዬ ጥሩ ልብስ ሰፊ ናት። ዓመቱን ሙሉ ቱታቸውን ስትጠግን፣ የድንኳናቸውን ቀዳዳ ስትጥፍ ከርማለች። አለቃው ሲሰናበታት፣ "ይቺን የምንጎትትበት መኪና የለንም፤ ለድካምሽ ትሁንሽ" አላት አሉ።

እኔ መንገዱ የተሠራው ለተሳቢዋ መሄጃ ይመስለኝ ነበር። ቤት ጎማ ካለው መንገድ ያስፈልገዋል፤ ስለዚህ ሠሩላት፤ አለቀ። ከፊቷ የወጣውን ረጅም ብረት ደግሞ ሞፈር አድርጌ ስላየሁት፣ የትኞቹ በሬዎች እንደሚጠመዱባት አባቴን ጠየቅሁት። እሱም ኮስተር ብሎ፣ "ገና አልተወለዱም" አለኝ፤ እኔም የላማችንን ሆድ በየቀኑ እየሄድኩ ማየት ጀመርኩ።

አክስቴ ከባሏ ተፋትታ እኛ ቤት ከገባች ጀምሮ የምትሰፋው በቤታችን ጣሪያ ክፈፍ ሥር ነበር። ዝናብ ሲመጣ የስፌት መኪናዋን አቅፋ ትገባለች፤ ፀሐይ ሲወጣ አቅፋ ትወጣለች። ተሳቢዋ ስትመጣ ግን ሌላ ሰው ሆነች። አርብ ገበያ ሄዳ እሷ ውስጥ ልትኖር፣ እሷ ውስጥ ልትሰፋ፣ በሠርግ ሰሞን ደግሞ በጭነት መኪና አስጎትታት እስከ ወገዳ ከተማ ድረስ ሙሽራ እያለበሰች ልትዞር ቆረጠች። የእኔም ነገር ከዚሁ ጋር ተያይዞ ነበር። የመንደራችን ትምህርት ቤት አራተኛ ላይ ያበቃል። አምስተኛ ያለው አርብ ገበያ ነው፤ በእግር ተመላልሰው የሚማሩበት አይደለም፤ እዚያ ዘመድ የለንም። አክስቴ ከሄደች እማራለሁ፤ ከቀረች እቀራለሁ።

"አያ፣ ልጅቷን ይዣት ልሂድ" አለችው አባቴን፣ እራት ቀርቦ ሳለ።

"የት ልታስተኛት? ከስፌት መኪናሽ ላይ?"

"ቦታ አበጅላታለሁ።"

"አበጅተሽ አሳይኛ። ዕቃሽ ሳይሰባበር፣ ልጄም ወግ ያለው መኝታ ኖሯት አርብ ገበያ ከገባችሁ ትማር። ካልሆነ አንቺም እዚሁ ስፊ፣ እሷም እናቷን ታግዝ።"

አባቴ ክፉ ሰው አልነበረም። ቤት ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ስለሆነ፣ መተኛ የሌለው ነገር ቤት ነው ሲባል አይዋጥለትም ነበር።

በማግስቱ አክስቴ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ከራሴ እስከ ተረከዜ ለካችኝ። ከዚያ ተሳቢዋ ውስጥ ገብታ በጎን ግድግዳው በኩል ለካች። ሌላው ሁሉ ቦታ ለስፌት መኪናው፣ ለእሷ አልጋና ለጨርቅ ጣቃዎቹ ተመድቧል።

"ልክሽ ነው" አለችኝ። "ለትንሽ ነው የተረፍሽው።"

እኔ ያን ቃል ይዤ ሄድኩ። ልኬ ከሆነ፣ ካደግሁ አይበቃኝም ማለት ነው። ካልበቃኝ ደግሞ አባቴ የሚለውን አውቃለሁ። ስለዚህ ላለማደግ ወሰንኩ። ውሳኔዬ ቀላል አልነበረም፤ እንቁላል ተውኩ፣ ወተት ለታናሽ ወንድሜ አሳለፍኩ፣ ማታ ጉልበቴን በመቀነት አስሬ ተጠቅልዬ መተኛት ጀመርኩ። ከባድ የሚሸከም ልጅ ቁመት አያወጣም ሲሉም ሰምቼ ስለነበር የምሸከመው ነገር መፈለግ ጀመርኩ። እሱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለገኝም፤ አባቴ መደብ ሊሠራ ተነስቷል።

"ቤት ያለ መደብ አይቼ አላውቅም" አለ። ጎረቤቱም ሁሉ ይህንኑ አለ። እውነት ነው፣ በእኛ አገር ቤት ሲባል በግድግዳው ዙሪያ በጭቃ የተሠራ ከፍ ያለ መደብ አለው፤ ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል፣ ሆዱን ክፍት አድርገው ዕቃ ያስቀምጡበታል። አክስቴም የዚያው አገር ሰው ናት፤ ሲነግሯት ትክክል መሰላት። የጎማውን ነገር ያነሳ ሰው አልነበረም። ጎማው ከሥር ነው፤ መደቡ ከውስጥ ነው፤ ምን ያገናኛቸዋል?

የጤፍ ጭድ ከአውድማው መጣ፣ አፈሩ ተቆፈረ፣ ጭቃው በእግር ተረግጦ እስኪቦካ ሰነበተ። እኔም ተሸከምኩ። ያን ያህል ጭቃ የተሸከመ ልጅ በመንደሩ ታይቶ አይታወቅም። በቅርጫት ሞልቼ፣ ከሞላም በኋላ ከምሬበት፣ ስሮጥ እውላለሁ። ሴቶቹ እናቴን፣ "ብርክቷ እንዴት ያለች ጉልበታም ወጥታለች!" ሲሏት እናቴ በኩራት ነጠላዋን ታስተካክላለች። አባቴም ጭቃው በላይ በላዩ ሲመጣለት ወደ ኋላ አላለም። መደቡን ከፍ አደረገው፤ ከዚያ አወፈረው፤ ከዚያ ለጣቃዎቹ ማስቀመጫ የሚሆን ሆድ አወጣለት፤ ከዚያ ለአክስቴ መቀስና ለክሮቿ ትንንሽ መስኮቶች ቀደደለት። በመጨረሻ በእበት ለቀለቀውና እጁን እያራገፈ ወጣ። እውነቱን ለመናገር መደቡ ያምር ነበር። የመንደሩ ሰው እየገባ ቁጭ ብሎ ሞከረው።

ተሳቢዋን ከነስፌት ዕቃዋ ለመሞከር እስከ ቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ደርሰን እንድንመለስ ተባለ። ጎረቤታችን አያ ደስታው የጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ በእረፍቱ ቀን መኪናውን ወደ ኋላ አስጠግቶ ብረቱን ሲያያይዝ ጎማዎቹን አየና ቀና አለ።

"ምን ጫናችሁባት?"

"ከስፌት ዕቃዋ ሌላ ምንም አልጫንን" አለ አባቴ። "መደብ ብቻ ነው።"

"መደብ?"

"መደብ ነዋ። ምን አለበት?"

አያ ደስታው በሩን ከፍቶ ወደ ውስጥ አየ። አባቴን አየ። ከዚያ አንድም ቃል ሳይተነፍስ ገብቶ ሞተሩን አስነሳ። ዝምታውን አድናቆት ነው ብዬ ነበር የወሰድኩት።

አባቴና እኔ ከመኪናው ኋላ የጭነት ቦታው ላይ ቆመን ተሳቢዋን እያየን ሄድን፤ አክስቴ ከሾፌሩ ጎን ነበረች። ሜዳውን በደህና አለፍን። ዋናውን መንገድ ትተን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚወስደው ድንጋያማ መንገድ ላይ ስንገባ ግን ከተሳቢዋ ውስጥ ጎተራ የሚፈርስ የመሰለ ድምፅ ተሰማ፤ ወዲያው በመስኮቷ አቧራ ወጣ። አባቴ የመኪናውን ጣሪያ በመዳፉ ደበደበ። አያ ደስታው ግን መቆሚያ ያገኘው እቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ሥር ሲደርስ ነው።

በሩ ሲከፈት ጓሉ መጀመሪያ በእግራችን ላይ ወረደ። መደቡ የለም። ውስጡ የታረሰ ማሳ መስሏል። የስፌት መኪናው በጎኑ ተጋድሞ ግማሹ ተቀብሯል፤ ነጩ የሙሽራ ጨርቅ ከአፈሩ ውስጥ በጫፉ ብቻ ይታያል። አክስቴ ወደ ውስጥ ገብታ መኪናዋን አቅፋ አወጣችውና መሽከርከሪያውን በእጇ አዞረችው። ዞረ። ያኔ ነው ትንፋሿን የለቀቀችው።

"በይ እንግዲህ ጥሩ፣ በዓይንሽ አየሽው" አለ አባቴ፣ ጓሉን በእግሩ እየነካ። ያፈረው በመደቡ ነው፤ የተቆጣው በእሷ ነው። "እንኳን ሰው ጭቃም አልቻላት። ልጅቷም ቤቷ ትቀመጥ።"

እኔ አለቀስኩ። እንቁላሉ፣ ወተቱ፣ መቀነቱ፣ ያ ሁሉ ጭቃ ለምንም ሆነ። ድምፄን የሰሙ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ አጠገብ የሚያስተምሩ አንድ መሪጌታ ከጎጆአቸው ወጥተው፣ "ግቡ፣ ውኃ ቅመሱ፣ ልጅቷንም ዝም አሰኟት" ብለው ወሰዱን።

የመሪጌታ ጎጆ ጠባብ ነች። ከምድጃውና ከቁርበታቸው በቀር መሬት ላይ ያረፈ ነገር አልነበረም። መጻሕፍቱ በቆዳ ማኅደር ገብተው፣ በማንገቻቸው ከግድግዳው ችካል ላይ ተንጠልጥለዋል። ስንቃቸውም፣ ቅላቸውም፣ ጭራቸውም እንዲሁ። አክስቴ ውኃውን በእጇ እንደያዘች ግድግዳውን ታያለች፤ መጠጣቱንም ረሳችው።

"መሪጌታ፣ መጽሐፍዎን በመደርደሪያ አያስቀምጡትም?"

"ለምስጥ? እንዲያውም ተማሪ ሳለሁ የለመድኩት ነው። ከደብር ደብር ስንዞር ማኅደሩን በትከሻ ማንገት ነው፤ እርፍ ስንል የግድግዳው ችካል ላይ። ሲነሱ ደግሞ መልሶ ማንገት ነው። መንገደኛ ምን መደርደሪያ አለው ብለሽ።"

አክስቴ ውኃውን በአንድ ትንፋሽ ጨለጠችና መሳቅ ጀመረች። አባቴ ጓሉ ጭንቅላቷን የመታት መሰለው።

"አያ" አለችው፣ "እኔ ልብስ ሰፊ አይደለሁም?"

"ነሽ።"

"ታዲያ ምን ሆኜ ነው ቤት ሠሪ የጠራሁት? ይቺ እኮ የምትሄድ ናት። ለሚሄድ ነገር ልብስ ነው የሚሰፋለት። ኪስ ነው የሚያስፈልጋት!"

"ለማን ነው ኪሱ?"

"ለተሳቢዋ ነዋ።"

አባቴ መሪጌታን አያቸው፤ ይህን የመሰለ ነገር በቅኔም ሰምተው እንደሆነ ሊጠይቃቸው የፈለገ ይመስል ነበር። እሳቸው ግን፣ "ትሞክረው እንጂ" አሉ። መሪጌታ እያዩት እምቢ ማለት ከበደው። እስከ ሠርግ ሰሞን ድረስ ጊዜ ሰጣት።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት እስከ ዛሬ ካየኋቸው የሥራ ቀናት ሁሉ ደስ የሚሉ ናቸው። ጓሉን አውጥተን ጣልን፤ እናቴ የጓሮውን አጥር ሥር ደለደለችበት። አክስቴ የመንገድ ሠራተኞቹ ጥለውት የሄዱትን የድንኳን ሸራ ከየቤቱ ለቀመች፤ ባዶ ማዳበሪያ ያለው ማዳበሪያ አመጣ። ተሳቢዋን እንደ ደንበኛ አቁማ፣ ሜትሯን ይዛ፣ አፏ ውስጥ መርፌ ነክሳ ለካቻት። "ወገቧ ሰፊ ነው" ትላለች። "ትከሻዋ ላይ ትንሽ ማጥበብ አለብኝ።"

ግድግዳው ላይ ሸራ ወጠረች፤ ሸራው ላይ ኪስ ሰፋች። ለመቀሱ ጠባብና ረጅም፣ ለቁልፎቹ ትንንሽ፣ ለከሰል ካውያው ደግሞ በቁርበት የተደረበ። እያንዳንዱ ኪስ ክዳን፣ ክዳኑም ቁልፍ አለው። ጣቃዎቹን በየሁለት ቦታ በቀበቶ አስራ ከግድግዳው ጋር አቆመቻቸው። ከጣሪያው ሥር መረብ ዘረጋች፤ ቀለል ያለው ሁሉ እዚያ ይጣላል። የእሷ አልጋ ቀን ቀን ወደ ላይ ታጥፎ በሁለት ትልልቅ ቁልፎች ይቆለፋል፤ ሥሩ የተረፈው ቦታ የደንበኛ መቆሚያ ይሆናል። አባቴ መጀመሪያ ሰሞን ከሩቅ ሆኖ ነበር የሚያየው። በኋላ ግን ችካል ይጠርብ ጀመር፤ ከዚያ የበሬ ቆዳ ጠፍር አርሶ አምጥቶ የስፌት መኪናውን ከወለሉ ጋር ራሱ ጠፈረው። ሲጨርስ በሁለት እጁ ነቀነቀውና፣ "ይሄ እንኳ የእኔ ነው" አለ። አክስቴም አልተከራከረችውም።

በሩ ጀርባ ላይ ደግሞ ደብተር የሚያክል ኪስ ነበር። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት፣ "የሚገባበት ሲመጣ ታውቂያለሽ" አለችኝ። እኔ የሜትሯ መስሎኝ ተውኩት።

የእኔ መኝታ መጨረሻ ተሠራ። በጎን ግድግዳው ርዝመት ሁለት አጠናዎች አግድም ተያይዘው፣ በእነሱ ላይ ሸራ ተወጠረ። ሸራው ግን እስከ አጠናዎቹ ጫፍ አይደርስም። ቁመቴን በለካችበት ልክ ላይ፣ በጥብቅ ስፌት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለው ባዶ አጠና የጣቃዎቹ መደገፊያ ሆነ። ገና ሳየው ወደ ኋላ ሸሸሁ። ምክንያቱም በዚያው ሰሞን አንዲት ጎረቤት እናቴን ልትጠይቅ መጥታ፣ እኔን አየት አድርጋ፣ "ኧረ ይቺ ልጅ ተመዘዘች!" ብላ ነበር። ምርቃት መሆኑ ነው። ለእኔ ግን ከርግማን በላይ ነበር። ቀሚሴን ባየው እውነትም ጉልበቴን ትቶ ወጥቷል። ያን ሁሉ ጭቃ የተሸከምኩት ለካ በከንቱ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ በቁሜ ጎንበስ ብዬ መሄድ ጀመርኩ። እናቴ ሆዴን ያመመኝ መስሏት ኮሶ ልታጠጣኝ ትንሽ ቀርቷት ነበር።

ጥር ሲገባ፣ በአርቡ ገበያ ዋዜማ፣ ሐሙስ ዕለት ተነሳን። አያ ደስታው ጎማዎቹን አይቶ በዚህ ጊዜ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። እኔና አባቴ እንደ በፊቱ ከኋላ ቆምን። ድንጋዩ ላይ፣ ጉድጓዱ ላይ፣ ቁልቁለቱ ላይ ሁሉ አባቴ ጆሮውን ወደ ተሳቢዋ ያቀናል። ምንም አይሰማም። አንድ ቦታ ላይ እንዲያውም፣ "ባዶዋን ነው እንዴ የምንጎትታት?" አለኝ። እኔ ግን ጆሮዬ ሌላ ቦታ ነበር፤ ዛሬ ማታ ሸራው ላይ ስተኛ እግሬ ወጥቶ ሲታይ አባቴ የሚለውን ነበር የማስበው።

አርብ ገበያ ስንገባ ለገበያው ቀድመው የደረሱ ሰዎች አህዮቻቸውን እያራገፉ ነበር፤ ተሳቢዋን ለማየት ከበው ቆሙ። በሩን የከፈተው አባቴ ነው። ፊቱን ወደ ኋላ መለስ አድርጎ፣ አቧራውን እየጠበቀ፣ ከፈተው። አቧራ አልወጣም። ካውያው በኪሱ፣ መቀሱ በኪሱ፣ ጣቃዎቹ በቀበቷቸው ቆመዋል። የስፌት መኪናው ውስጥ የተሰካው ክር እንኳን አልተበጠሰም። አባቴ ገብቶ አንዱን ክዳን ፈታ፣ መልሶ ቆለፈው። ሌላውን ፈታ፣ መልሶ ቆለፈው።

"ዕቃው ደርሷል" አለ። "ልጅቷ ትተኛና ልያት።"

ከተሳቢዋ ውጭ ያለው ሰው ሁሉ የሚያየኝ መሰለኝ። ጫማዬን አውልቄ ሸራው ላይ ወጣሁ። ጉልበቴን አጥፌ፣ አገጬን ደረቴ ላይ ለጥፌ ተኛሁ።

"ተዘርጊያ" አለች አክስቴ።

"ተዘርግቻለሁ።"

"ብርክቷ፣ እግርሽን ዘርጊ።"

ዘረጋሁት። ተረከዜ ከስፌቱ አልፎ ባዶው አጠና ላይ ወጣ። አባቴ አየው። ያኔ እንባዬ መጣና ያመቅሁት ሁሉ ወጣ፤ "እንዳላድግ ብዬ ነበር፣ እንቁላል ትቼ ነበር፣ ያደግሁት ሳላስበው ነው፣ ተጠቅልዬ እተኛለሁ፣ አትመልሱኝ" አልኳቸው። አባቴ እጁን አፉ ላይ ጫነ።

አክስቴ አልሳቀችም። ከኪሱ መቀሷን አወጣች፤ እግሬን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ የሸራውን ጠርዝ ገለበጠችው። ከሥሩ ሸራው በእጥፍ በእጥፍ ተደራርቦ፣ እያንዳንዱ እጥፋት ለብቻው ተሰፍቷል። የመጀመሪያውን ስፌት ፈታችውና ጎተተችው። ሸራው በአጠናዎቹ ላይ ተንሸራትቶ ከተረከዜ አልፎ ሄደ።

"ለልጅ ሲሰፋ እጥፋት ሳይተው የሚሰፋ ልብስ ሰፊ የት አይተሻል?" አለችኝ። "ልክሽ ነው ያልኩሽ ለዘንድሮ ነው እንጂ ለሁልጊዜ ነው አልኩሽ? እስክትጨርሺ ድረስ ነው የሰፋሁት። በየዓመቱ አንድ እንፈታለን።"

አባቴ የቀሩትን እጥፋቶች በጣቱ ነካካቸው። እንደ ገበሬ ነው የዳሰሳቸው፤ ዘር ሲዳስስ እንደሚያደርገው ቀስ ብሎ። ወደ እኔ ዞሮ፣ "በይ እንግዲህ፣ ነገ ገበያው ላይ እንቁላል ገዝቼልሽ ነው የምመለሰው፤ ትበያለሽ" አለኝና እያየሁት ዓይኑን ጠረገ። አቧራ ነው አለ። የመደቡ አቧራ መሆኑን ዛሬም አምንለታለሁ፤ ወለሉ ውስጥ ብዙ ቀርቶ ነበርና።

መስከረም ሲጠባ በሩ ጀርባ ያለው ኪስ ውስጥ የሚገባው ነገር የአምስተኛ ክፍል ደብተሬ ሆነ። እንዳለችውም በየዓመቱ አንድ አንድ ፈታን።

ይህን ሁሉ ደፉ ላይ ቁጭ ብዬ ሳስብ ቆይቼ ገባሁና ሸራው ላይ ተጋደምኩ። ዛሬም ችሎኛል። በእግሬ ጫፍ ጠርዙን ስዳስስ አንድ ወፈር ያለ ነገር ተሰማኝ። ተነስቼ ገለበጥኩት። የመጨረሻው እጥፋት እንደ ተሰፋ ነው፤ ክሩ እንኳን አልሳሳም። ለካ አክስቴ ከሆንኩት በላይ ልታሳድገኝ ነበር ያሰበችው።

አክስቴ ለሠርጉ ለብሳ፣ ልትፈልገኝ ግቢውን ስታቋርጥ አየኋት። አሁን አርጅታለች፤ ሜትሯ ግን ዛሬም በነጠላዋ ሥር ከአንገቷ ላይ ነው። በሩ ላይ ደርሳ እጥፋቱን እንደያዝኩ አየችኝ።

"እትዬ ጥሩ፣ ይሄኛው እኮ ሳይፈታ ቀረ" አልኳት። "ቁመቴ ቆመ። ልፍታው?"

ቀረብ ብላ ከእጄ ላይ ወሰደችው፤ ጠርዙን መልሳ ወደ ሥር አጠፈችና በመዳፏ ተጭና አስተኛችው።

"ተይው" አለችኝ። "ገና ነሽ።"